ጅማ ላይ ድንክ ዶሮ ልትገዙ ያሰባችሁ ይሄን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ

ጅማና ዙሪያዋ ዶሮ የምታረቡ ወገኖች፣ እኔ ላይ የደረሰው እናንተም ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው። ጅሬን አካባቢ ግቢዬ ውስጥ ሳሶና የአበሻ ተደባልቀው 23 ዶሮ ነበሩኝ። ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ ባንታም የሚሏቸውን ድንክ ዶሮዎች ፖስት አድርጎ አየሁና ደወልኩለት፣ "ቄብ ናቸው፣ ክትባት ጨርሰዋል፣ በየቀኑ ይጥላሉ" አለኝ። 4 ቄብ ከ1 አውራ ጋር 7,000 ብር ተስማማን፣ ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ላኩ፣ ሌላውን በባጃጅ ሲያመጣቸው ሰጠሁት። የክትባት ካርዱስ ስለው "እናቴ እመኚኝ፣ ነገ በፎቶ እልክልሻለሁ"።

መሽቶ ስለነበር ከነባሮቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ አሳደርኳቸው። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው።

በ3ኛው ቀን ቄብ ከተባሉት አንዱ ጮኸ፣ ለካ አውራ ነው። እሱ ይሁን። በ4ኛው ቀን ግን አንዷ ድንክ ኩርምት ብላ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ኩሷ አረንጓዴ፣ በማግስቱ አንገቷ ተጣመመ። ፈንግል! ከዛ ወደኔዎቹ ዞረና በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ23ቱ 19 አለቁብኝ፣ የልጄ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ከነሱ እንቁላል ነበር። ልጁ ጋ ስደውል ብሎክ አድርጎኛል።

የእንስሳት ሐኪሙ እንደነገረኝ ፈንግል ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒት የለውም፣ ከፋርማሲ የምንገዛው ቴትራሳይክሊን አያድንም፣ ያለው ቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። ክትባቱም ሰውነታቸው ውስጥ እስኪሠራ 2 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ ስለዚህ "ትናንት አስከትቤያቸዋለሁ" ቢሏችሁ አትቀበሉ። የተከተበች ዶሮ ደሞ ራሷ ሳትታመም በሽታውን ልታስተላልፍ ትችላለች፣ ካርድ ቢኖርም እንኳ አዲስ የመጣን ዶሮ ቢያንስ 30 ቀን ራቅ አድርጋችሁ ለብቻ አቆዩ፣ መጠጫውም መመገቢያውም የራሱ ይሁን፣ መጀመሪያ የራሳችሁን መግባችሁ ነው ወደ አዲሶቹ የምትሄዱት፣ ጫማም ቀይሩ።

በየቀኑ ይጥላሉ ያለውም ውሸት ነው። ድንክ ዶሮ እንቁላል መታቀፍ ስለምትወድ ቶሎ ቶሎ መጣል ታቆማለች፣ እንቁላሏም የሌላውን ግማሽ ቢያክል ነው። ጫጩት ለማስፈልፈል ግን ጎበዝ ናት፣ እሷን አልጠላም።

የታመሙትን ሳይሞቱ ሐሙስ ገበያ አውጪያቸው ያሉኝ ነበሩ፣ እንዴት አድርጌ የሰው ቤት አቃጥላለሁ? የሞቱትን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ኖራ ነስንሼ ቀበርኩ፣ እባካችሁ አዌቱ ወንዝ ውስጥ አትጣሉ።

ልጁ ትናንት ያንኑ ፎቶ በሌላ ስም ለቆታል፣ ከዶሮዎቹ ኋላ ሰማያዊ የቆርቆሮ አጥር ይታያል፣ ካያችሁት ቀብድ እንዳትልኩ።