ለቀጣዩ ጋላክሲ አልትራ፦ ትልቅ ባትሪ ወይስ ፈጣን ቻርጅ?

ከኤስ20 አልትራ (እ.ኤ.አ. 2020) እስከ ኤስ25 አልትራ (2025) የእነዚህ የሳምሰንግ ስልኮች ባትሪ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ላይ ቆሟል። በቀጣዩ የቱ ይሻሻል?

ትልቅ ባትሪ፦ ጅማ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲውል ያለ ፓወርባንክ ያደርሳል። ባትሪው በሲሊኮን ካርቦን (በትንሽ ቦታ ብዙ ኃይል በሚይዝ የባትሪ ዓይነት) ካልተሠራ ግን ስልኩ ይወፍራል።

ፈጣን ቻርጅ፦ መብራት ለግማሽ ሰዓት ብቅ ሲል ያዋጣል። ሆኖም በኤስ25 አልትራ ከፍተኛው ፍጥነት 45 ዋት የሚገኘው ፒፒኤስ (ቮልቴጁን እንደ ስልኩ ፍላጎት የሚያስተካክል አሠራር) ባለው ቻርጀርና በ5 አምፒር ገመድ ብቻ ነው፤ በተራ ገመድ ፍጥነቱ ይወርዳል። ቻርጀሩ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ የለም፤ ለብቻው ይገዛል! ስልኩ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ሲግል ቻርጁን ራሱ ያዘገያል፤ ሙቀቱም ባትሪውን ያስረጀዋል።

በጅማ ዞን ጎማ ወይም ማና ወረዳ ቡና ሲያሰባስብ ለሚውል ትልቁ ባትሪ፣ ሶኬት አጠገብ ለሚሠራ ፈጣኑ።