የባሬንትስዋች የዓሣ ጤና ካርታ፦ በሽታው ያለበትን ያሳያል፣ ስጋቱን ግን አንባቢው ያስላ

በኖርዌይ ዳርቻ የሚረባውን ሳልሞን ጤንነት ለሚከታተል ሰው፣ ባሬንትስዋች የተባለው የመንግሥት የመረጃ አገልግሎት ያዘጋጀው ካርታ በዘርፉ ካየኋቸው ሁሉ የላቀ ነው። ካርታው ለማንም ክፍት ሲሆን፣ አንድን የእርባታ ጣቢያ ሲጫኑት በየሳምንቱ የተቆጠረው የባሕር ቅማል (በዓሣው ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ ተባይ)፣ የውኃው ሙቀት፣ የተሰጠው ሕክምና፣ እንዲሁም ተላላፊው የሳልሞን ደም ማነስ ወይም የቆሽት በሽታ (ሁለቱም በቫይረስ የሚመጡ ናቸው) ተጠርጥሮ ወይም ተረጋግጦ እንደሆነ ከነጣቢያው ስም ይቀርባል። አርቢው የደረሰበትን ለባለሥልጣን እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታየ ነበር።

የቅማሉ አኃዝ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ሕጉ በአንድ ዓሣ ላይ የሚገኘው አዋቂ ሴት ቅማል በአማካይ ከ0.5 እንዲያንስ ያዛል፤ የዱር ሳልሞን ግልገሎች ወደ ባሕር በሚወርዱባቸው የፀደይ ሳምንታት ደግሞ ገደቡ 0.2 ይሆናል። ይሁንና አንድ ሚሊዮን ዓሣ ባለበት ጣቢያ 0.2 ማለት 200,000 እንስት ቅማል ማለት ነው፤ እያንዳንዷም በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ስለዚህ በገደቡ ውስጥ የሚገኝ ትልቅ ጣቢያ ገደቡን ካለፈ ትንሽ ጣቢያ ይልቅ ለጎረቤቶቹ ሊያሰጋ ይችላል።

በቫይረስ ረገድም እንዲሁ ነው። ሁለት ጣቢያዎች በካርታው ላይ ጎን ለጎን ቢታዩም በመካከላቸው የገባ የየብስ ምላስ ካለ፣ ውኃው የሚጓዘው መንገድ እጅግ ሊረዝም ይችላል፤ ለስርጭቱ የሚቆጠረውም ይኸው የባሕር መንገድ እንጂ በማስመሪያ የሚለካው ርቀት አይደለም። የደም ማነሱ ቫይረስ ሕመም የማያስከትል ዝርያም አለው፤ ገዳዩ የሚወጣው ከእርሱ በመሆኑ፣ ምልክት ያልተደረገበትን ጣቢያ ከቫይረሱ ነፃ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2007 በቺሊ የተቀሰቀሰው ወረርሽኝ የአገሪቱን የአትላንቲክ ሳልሞን ምርት ክፉኛ እንደጣለ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ጥንቃቄ የበዛ አይመስለውም።

አገልግሎቱን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ነገር ግን የኖርዌይ የባሕር ምርምር ተቋም የቅማል እጮችን ጉዞ በውኃው ፍሰት፣ በሙቀቱና በጨዋማነቱ ከሚያሰላበት ሞዴል ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ ይሻላል። እኔ በመጀመሪያ የውኃውን ሙቀት፣ ቀጥሎ የፍሰቱን አቅጣጫ፣ ከዚያም ፍሰቱ በሚመጣበት በኩል ያሉትን ጣቢያዎች ያለፉ ሳምንታት ታሪክ እመለከታለሁ፤ ጣቢያው ራሱ በካርታው ላይ የተሰጠውን ቀለም የማየው በመጨረሻ ነው።