የሠራተኛን ትጋት፣ የሥራን ትርጉምና የአእምሮ ደኅንነትን የሚለኩ 3 መጠይቆች፦ የትኛው ይበጃል?

የሰው ሀብት ክፍሎች በወረቀት አባዝተው ሊያስሞሏቸው ከሚችሏቸው መጠይቆች ሦስቱን አብረን መዝነናል፤ አንዱ ብቻውን ሲሞላ ያሳስታልና። በድምሩ 24 ጥያቄ ነው፤ 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃል።

የመጀመሪያው የኡትሬኽት የሥራ ትጋት መለኪያ ነው። ሙሉው 17 ጥያቄ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አጭሩ 9። ጉልበትን፣ በሥራ መኩራትንና መመሰጥን ይለካል። መልሱ ከ0 (በጭራሽ) እስከ 6 (ሁልጊዜ) ሲሆን ተደምሮ ለ9 ይካፈላል። እኛ አጭሩን እንመርጣለን፤ ጊዜ ስለሚቆጥብ ብቻ ግን አይደለም። ረጅሙ ውስጥ ሥራው ትርጉምና ዓላማ የሞላው ስለመሆኑ የሚጠይቅ ዐረፍተ ነገር አለ፤ አጭሩ ላይ የለም። ረጅሙን ይዞ «ሥራቸው ትርጉም ያለው ሠራተኞች የበለጠ ይተጋሉ» የሚል ሪፖርት ማውጣት አይከብድም፤ አንዱን ነገር ሁለቴ ጠይቆ መልሱ ገጠመ ማለት ነው። ለጥናት በነጻ ይገኛል፤ ለንግድ ግን የባለቤቶቹ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሥራን ትርጉም የሚለካው ዋሚ (WAMI) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ ከ1 እስከ 5 የሚመለሱ 10 ጥያቄዎች ያሉት። ከሦስቱ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። 3ኛው ጥያቄ የተገለበጠ ነው፤ ሥራዬ ለዓለም የሚፈይደው የለም ይላል። ነጥቡ ከ6 ተቀንሶ ይያዛል፤ 1 ያለ ሰው 5 ያገኛል ማለት ነው። ይህ ከተረሳ ሥራውን ከልቡ የሚወደው ሠራተኛ 4 ነጥብ ይከስራል። በአማርኛ ደግሞ «የሚፈይደው የለም» ለሚል ዐረፍተ ነገር «አልስማማም» ብሎ መመለስ አሉታ በአሉታ ላይ ይሆንና ብዙ ሰው ይስታል። ለ10 ሰው አስቀድሞ አስሞልቶ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደተረዱት በቃል መጠየቅ ይገባል።

«ትርጉም» የሚለው ቃልም ራሱ ያስቸግራል። «ሥራዎ ትርጉም አለው?» ሲባል የሚተረጎም ጽሑፍ የሚመስለው አለ፤ «ፋይዳ» እንዳንል ዛሬ መታወቂያው ቀድሞ ትዝ ይላል። «ሥራዬ ለማን እንደሚጠቅም ይታየኛል» ብሎ ዘርዘር ማድረግ ይሻላል። መመሰጥን ለሚጠይቀውም «ሥራ ላይ ጭልጥ እላለሁ» ማለት ከቃል በቃል ትርጉም በብዙ ይበልጣል።

ሦስተኛው የአእምሮ ደኅንነትን የሚለኩት የዓለም ጤና ድርጅት 5 ጥያቄዎች ናቸው፤ ከሦስቱም ያለ ብዙ ጣጣ የሚሠራው ይኸኛው ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ መልሱ ከ0 እስከ 5፣ ድምሩ በ4 ተባዝቶ ከ100 ይያዛል። 50 እና ከዚያ በታች ሲሆን የድባቴ ምርመራ ይመከራል፤ በሽታ አለ ማለት ግን አይደለም። ሁለት ሳምንት ብቻ ስለሚያይ ወቅቱ ይወስነዋል፤ ሰኔ ላይ በጀት ሲዘጋ የሒሳብ ክፍሉን ጠይቆ ውጤቱን የዓመቱ ማድረግ አይገባም።

የሦስቱ ጥቅም የሚታየው ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። ዋሚ ከፍ፣ ደኅንነት ዝቅ ካለ፣ ሰዎቹ ሥራቸውን ያከብራሉ ግን እየደከሙ ነው፤ በሕክምናና በማስተማር ሥራ ይህ የተለመደ ነው። የሚመረመረው የፈረቃው ርዝመት፣ የሰው ቁጥርና የእረፍት ቀን ነው። አንዳንድ አለቃ ግን ይህን ውጤት አይቶ «ሥራቸውን ይወዱታል» ብሎ ተጨማሪ ሰው መቅጠሩን ይተወዋል፤ የመጠይቁ ክፉ አጠቃቀም ይህ ነው። ዋሚ ከፍ ብሎ ትጋት ከወረደ ደግሞ ዕቃ፣ ሥልጣን ወይም ግልጽ ትእዛዝ ጎድሎ እንደሆነ ይጠየቅ። ሦስቱም ዝቅ ካሉ ስለ ሥራ ዓላማ ስብሰባ ከመጥራት ደመወዝና አለቃን ማየት ይቀድማል።

ስም አለመጻፍ ብቻ ምሥጢር አይጠብቅም። ክፍል፣ ጾታና ዕድሜ አብረው ከተጠየቁ 8 ሰው ባለበት ክፍል ያለችው አንዲት ሴት ወዲያው ትታወቃለች። ኢሜይል የሚያስገባ ቅጽም እንዲሁ። ከ10 ሰው በታች የሆነ ክፍል ውጤቱ ከሌላ ጋር ተደምሮ ይውጣ። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘውን ፈልጎ መጥራት ስለማይቻል፣ የምክር አገልግሎት የሚገኝበት አድራሻ ወረቀቱ ከመበተኑ በፊት በመጨረሻው ገጽ ላይ ለሁሉም ይታተም።