ሂፕኖሲስ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፦ እኔን እምቢ፣ እህቴን እሺ

ሲጋራ ለማቆም ያልሞከርኩት ነገር የለም። ማስቲካ፣ ቆሎ፣ ስለት። በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሂፕኖሲስ፣ ማለትም ሰውን በንግግር አመስጠው፣ የሚያክሙ አሉ አለኝ። እናቴ ስትሰማ «ይሄማ አፍዝ አደንግዝ ነው!» ብላ አማተበች። ታናሽ እህቴንም ጠባቂ አድርጋ ላከችብኝ።

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም፤ ለአጫሽ ደረጃው ራሱ ምክር ነው። ክፍሉ ንጹህ ነው፣ ወንበሩ ይመቻል፣ ባለሙያዋም ትሁት ናት። ለአንድ ሰዓት 2,000 ብር። ችግሩ መስኮቱ ነው። «ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ትንፋሽዎን ብቻ ያዳምጡ» ስባል እኔ የማዳምጠው ወያላውን ነው። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! የሞላ፣ አንድ ሰው!» ያ አንድ ሰው እስኪገኝ ስጠብቅ ሰዓቱ ተጋመሰ።

ከዚያ እጄን ወደፊት አስዘረጋችኝ። «ከባድ ኳስ ይዘዋል እንበል። እየከበደ፣ እየከበደ...» እጄ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጅ ቀጥ እንዳለ ቀረ። ዞር ስል ጥግ ላይ የተቀመጠችው እህቴ ማንም ሳይጠይቃት ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታለች። እጇ ቀስ እያለ ወርዶ ጉልበቷ ላይ አረፈ። ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ትንኝ እጅሽ ላይ አረፈች» አለቻት። እህቴ በሌላኛው እጇ እሽ!

እኔ ቶሎ ሂፕኖታይዝ የሚሆን ሰው የዋህ ይመስለኝ ነበር። እህቴን ግን የሾላ ገበያ ሽንኩርት ሻጭ እንኳ አታሏት አያውቅም። ለካ ነገሩ ከሞኝነትም ከብልህነትም ጋር እምብዛም አይገናኝም። የኳሱና የትንኟ ሙከራ እነ ሂልጋርድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ካዘጋጁት፣ ሰው ምን ያህል ሂፕኖታይዝ እንደሚሆን ከሚፈትን፣ 12 ሙከራዎች ካሉት መለኪያ የተወሰደ ነው። በጣም የሚቀናቸው ጥቂቶች ናቸው፣ ጭራሽ እምቢ የሚላቸውም ጥቂቶች፤ ብዙው ሰው መሀል ላይ ነው። በቀላሉም አይለወጥም። ያኔ የተፈተኑ ተማሪዎች ከ25 ዓመት በኋላ ሲፈተኑ ውጤታቸው ብዙም አልራቀም።

ባለሙያዋ አንዱ ምክንያት የመመሰጥ ልማድ ነው ስትል ገባኝ። እህቴ ልብ ወለድ ይዛ ታክሲ ከገባች «ወራጅ አለ» ማለት ትረሳለች። ስንቴ አራት ኪሎ መውረድ ሲገባት ሽሮ ሜዳ ደርሳ ደውላልኛለች! እኔ ደግሞ ፊልም ላይ ደም ሲፈስ «ድልህ ነው» የምል ሰው ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜም አንድ ልቤ «አሁን ልትሸውደኝ ነው» ይል ነበር።

ቅሬታዬ ይህን ሁሉ ከከፈልኩ በኋላ መስማቴ ነው። የአምስት ደቂቃ ሙከራ በነጻ አስቀድመው ቢያደርጉ እኔን የመሰለው በጊዜ ይመለስ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ዋስትና አልሰጠችኝም፤ ሲጋራ ላይ ማስረጃው ገና ጠንካራ እንዳልሆነ በግልጽ ነግራኛለች። ነጥቤ ከአምስት ሦስት ተኩል።

እህቴ በሳምንቱ በራሷ ብር ተመለሰች። የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደ ጦር ትፈራለች። ከሦስት ቀጠሮ በኋላ ሁለት ዓመት ስታስታምመው የኖረችውን መንጋጋ አስነቀለች። ማደንዘዣው አልቀረም፤ የቀለላት ፍርሃቱ ነው። ክሊኒኩ በር ላይ ስጠብቃት ሱቅ በደረቴ አለፈ፣ አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዛሁ። ስትወጣ ጥጥ ነክሳለች፣ መናገር አትችልም። በእጇ ብቻ «አጥፋት» አለችኝ።