ዕዳዬን አብራኝ ለቆጠረች አማካሪ

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ዛሬ የምጽፈው አንዲትን የዕዳ አማካሪ ለማመስገን፣ ክሬዲት ካርድ አንቆ የያዘው ሰው ካለም ለመጠቆም ነው።

እናቴ አዲስ አበባ ስትታመም ለሕክምናዋ የላክሁት ከካርድ ነበር። ወዲያው መኪናዬ ተበላሸ። አራት ካርድ ላይ 16,800 ዶላር ተከመረብኝ፤ ወለዱ በዓመት 28 በመቶ ገደማ ነበር። ለእህቴ እንኳ አልነገርኳትም። የፖስታ ሳጥኔን መክፈት ፈራሁ።

መጀመሪያ የተታለልኩት በስልክ ባግባባኝ ድርጅት ነው። «ዕዳሽን በግማሽ እናስቀንሳለን፤ ለባንኮቹ መክፈል አቁሚ፣ ስልካቸውንም አታንሺ» አሉኝ። ምንም ሳይሠሩ ገንዘብ ጠየቁ። ሰጠሁ። በሦስት ወር ውስጥ ወለዱና የመዘግየት ቅጣቱ ተደምሮ ዕዳዬ 18,400 ደረሰ። ክሬዲት ስኮሬም (ዕዳ የመክፈል ታማኝነቴ ነጥብ) አፈር በላ። እንዲህ በስልክ ዕዳ እናስቀንሳለን የሚሉ ድርጅቶች ቢያንስ አንዱን ዕዳ ሳያስማሙ ክፍያ እንዳይቀበሉ የፌዴራል ደንብ የከለከላቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ያኔ ይህን ማን ነግሮኝ!

ያዳነችኝ የዕቁብ ጓደኛዬ ናት። «ኤን ኤፍ ሲ ሲ (NFCC) የሚባለው የዕዳ አማካሪ ቢሮዎች ማኅበር አባል የሆነ፣ ለትርፍ ያልቆመ ቢሮ ፈልጊ» አለችኝ። ማኅበሩ ከ1951 ጀምሮ ያለ ነው። በድረ ገጹ በኩል ቅርቤ ያለውን ቢሮ አገኘሁ።

አማካሪዋ ስቴትመንቶቼን (ባንኮቹ በየወሩ የሚልኩትን የካርድ ሂሳብ) እና የደመወዝ ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከአንድ ሰዓት በላይ አብረን ደመርን። ለዚያ ሰዓት አምስት ሳንቲም አልጠየቀችኝም። ከዚያ አንዱን ስቴትመንት አንስታ አንድ ሳጥን በእስክሪብቶ ከበበችልኝ። ዕዳው 5,200 ነበር። በየወሩ ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ ከከፈልሽ 17 ዓመት ይፈጅብሻል፣ ከ15 ሺህ በላይ ትከፍያለሽ ይላል። ባንኮቹ ይህን እንዲጽፉ ሕግ ያስገደዳቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በየወሩ ቤቴ ሲመጣ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። አለቀስኩ። ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

ወጪዬ ውስጥ በወር 300 ዶላር አይታ «ይህስ ምንድን ነው?» አለች። ዕቁብን አስረዳኋት። ተዪው ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዕጣው መቼ እንደሚደርሰኝ ጠይቃ ዕዳውን በየወሩ የምከፍልበት ዕቅድ ውስጥ አስገባችው።

በዚህ ዕቅድ ባንኮቹ በየራሳቸው ወለዱን ቀነሱ፤ በአማካይ 8 በመቶ ገባ። የቢሮው ክፍያ ተጨምሮ በወር 450 ዶላር ገደማ እከፍላለሁ፣ ለ54 ወር። ገንዘቡን ለቢሮው እሰጣለሁ፤ እነሱ ለባንኮቹ ያከፋፍላሉ። ጉዳቱንም ራሷ ነገረችኝ፤ ካርዶቹ ይዘጋሉ፣ ክፍያ ከዘለልኩ ባንኩ ቅናሹን ሊያነሳ ይችላል። ከዚያ ወረቀቱን ሰጥታኝ «ቤትሽ ሄደሽ ሳምንት አስቢበት» አለች። በዚህች ቃል ነው ያመንኳት። የመጀመሪያዎቹ «ዛሬውኑ ፈርሚ» ነበር ያሉኝ።

ወገኖቼ፣ ገቢና ወጪያችሁን ሳያይ መፍትሔ የሚሰጣችሁን ሰው አትመኑ። ክፍያውን በጽሑፍ ጠይቁ። ዕቅድ ከገባችሁም በኋላ ባንኩ መቀበሉን ራሳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። ግማሹ ይሰረዝልሃል የሚላችሁ ካለ ደግሞ የተሰረዘ ዕዳ ብዙ ጊዜ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ እንደሚመጣበት ይወቅ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

አሁን ዕቅዱን ከጀመርኩ 14ኛው ወር ነው። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ካርድ ዜሮ ገባች። ለአማካሪዋ ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እናትሽ እንዴት ናት?» ብላ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ ውለታሽን አልረሳም።

የቢሮውን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከሥራ የምገባው ማታ 3 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።