የሜሪላንድ ምክር ቤት ድረ ገጽ፦ ለተማሪ ወላጅ ስንት ኮከብ?

ሌላው ሰው ክትፎ ቤት ይገመግማል፤ እኔ ዛሬ የመንግሥት ድረ ገጽ ልገመግም ነው። የሜሪላንድ ስቴት ምክር ቤት ድረ ገጽ። በስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ላይ የሚወጣው ሕግ ሁሉ፣ ገና ረቂቅ ሳለ ጀምሮ፣ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ነፃ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ጀርመንታውን ልጅ የምታስተምሩ ሐበሾች ግን ስንቶቻችሁ ከፍታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ የጠየቅኳቸው ወላጆች አብዛኞቹ መኖሩንም አልሰሙም።

በ2025 መጀመሪያ ላይ እኛ የወላጆች ቴሌግራም ውስጥ ወሬው ተቀጣጥሎ ነበር። «ገዢው ብሉፕሪንቱን ሊያስቀሩት ነው።» «ኢሶል ሊዘጋ ነው።» (ኢሶል እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት ነው።) «አስተማሪ ሊቀነስ ነው።» ማን አለ ሲባል መልሱ «ይባላል» ነው። እኔ ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው። ደረሰኝ ያላየሁለትን ወጪ አልመዘግብም። ወሬውንም እንደዚያው። ስለዚህ ደረሰኙን ፍለጋ ገባሁ።

ብሉፕሪንት ምን እንደሆነ ለማያውቅ በአጭሩ ልበል። ምክር ቤቱ በ2020 ያጸደቀው ትልቁ የትምህርት ሕግ ነው። የያኔው ገዢ ላሪ ሆጋን አልፈርምም ብለው መለሱት፤ ምክር ቤቱ በ2021 የሳቸውን ውሳኔ ሽሮ ሕግ አደረገው። ውስጡ ብዙ ነገር አለ። የጀማሪ አስተማሪ ደመወዝ እስከ ጁላይ 2026 ድረስ 60,000 ዶላር ይድረስ ይላል። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦች የ3 እና የ4 ዓመት ልጆቻቸውን ሙሉ ቀን በነፃ ፕሪኬ (ከመዋዕለ ሕፃናት በፊት ያለውን ትምህርት) ያስተምሩ ይላል። ችግረኛ ቤተሰብ የበዛባቸው ትምህርት ቤቶች «ኮሚዩኒቲ ስኩል» (ከትምህርት ሌላ የጤናና የቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጡ) እንዲሆኑ ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጣል።

ከሁሉም ያከራከረው ግን «ኮላቦሬቲቭ ታይም» የሚሉት ነው። አስተማሪው ከሥራ ሰዓቱ 60 በመቶውን ብቻ ክፍል ውስጥ ያስተምር፣ በቀረው ይዘጋጅ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ይሥራ፣ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ይርዳ ነው ሐሳቡ። ሸጋ ሐሳብ ነው። ግን እሱ ከክፍል ሲወጣ ሌላ አስተማሪ መግባት አለበት። እሱ ደግሞ ከየት ይመጣል? አሁን ያለውንም ክፍት ቦታ መሙላት አቅቷል።

እንግዲህ በ2025 ስቴቱ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉድለት ይዞ ለስብሰባ ተቀመጠ። ገዢው ዌስ ሙርም ብሉፕሪንቱን የሚነካካ ረቂቅ አቀረቡ። በተወካዮቹ ምክር ቤት ኤችቢ 504፣ በሴኔት ኤስቢ 429። አንድ ረቂቅ በሁለቱም ቤት ሊገባ ይችላል፣ ቁጥሩ ግን ይለያያል። ይሄን አለማወቅ ብዙ ያምታታል። ቴሌግራማችን ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ሁለት የተለያየ ሕግ አድርገው የሚከራከሩ ነበሩ።

ወደ ድረ ገጹ ልመለስ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። መፈለጊያው ላይ ቁጥሩን ጻፉ፤ ገጹ ይከፈታል። ጌጥ የሚባል ነገር የለውም፤ እኔ ደግሞ ጌጥ አልፈለግኩም። ረቂቁን ማን አቀረበው፣ የትኛው ኮሚቴ ያዘው፣ ሂሪንጉ (ኮሚቴው ምስክር የሚሰማበት ስብሰባ) መቼ ነው፣ ማን ምን ድምፅ ሰጠ፣ ሁሉም አለ። አካውንት ከከፈታችሁ የምትከታተሏቸውን ረቂቆች በአንድ ዝርዝር ይይዝላችኋል። ስብሰባው በዓመት 90 ቀን ብቻ ስለሆነ ነገሮች በፍጥነት ነው የሚሄዱት። ዛሬ ኮሚቴ ያለ ረቂቅ በሳምንቱ ሌላ መልክ ይዞ ይወጣል።

የረቂቁን ጽሑፍ ለመክፈት የሚቸኩል ሰው ይጠንቀቅ። እኔም ሥራዬ ሰነድ ሆኖ ዓይኔ ፈዟል። በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው በሕጉ ላይ የሚጨመር ነው። በማዕዘን ቅንፍ የታጠረው ከሕጉ የሚወጣ ነው። በኋላ ማሻሻያ ሲገባ ደግሞ ከሥሩ የተሰመረበትና ላዩ ላይ የተሰረዘ ይመጣል። ይሄን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው የተሰረዘውን እንደጸና፣ የጸናውን እንደተሰረዘ አድርጎ ይወጣል። ማብራሪያው አለ፤ ግን የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው። ለጠበቃ የተሠራ ነገር ነው። ሁለት ኮከብ።

አሁን ወደ ወደድኩት ልምጣ። «ፊስካል ኤንድ ፖሊሲ ኖት» ይባላል። እያንዳንዱ ረቂቅ አንድ አለው። የሚያዘጋጁት ለምክር ቤቱ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ለገዢውም ለተቃዋሚውም አይወግኑም። በገጹ ላይ ከረቂቁ ጽሑፍ አጠገብ ታገኙታላችሁ። ሲከፈት መጀመሪያ ረቂቁ ምን እንደሚል በጥቂት አንቀጽ ያስረዳል፤ በሰው ቋንቋ። ቀጥሎ ገንዘቡ ይመጣል። «ስቴት ኢፌክት» ስቴቱ ምን ያወጣል፣ ምን ያተርፋል። «ሎካል ኢፌክት» ደግሞ ካውንቲዎቹና ትምህርት ቤቶቻቸው ምን ይደርስባቸዋል። ለወላጅ ወርቁ እሱ አንቀጽ ነው። ሌላውን ብትዘሉ እሱን እንዳትዘሉ። ከሥሩ አንዳንዴ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ትገኛለች፤ ይህ ረቂቅ በአካባቢ መስተዳድር ላይ ግዴታ ይጥላል የምትል። ትንሽ ነች፣ ትርጉሟ ግን «አናፖሊስ አዟል፣ ሒሳቡን ካውንቲው ይክፈል» ማለት ሊሆን ይችላል።

አንድ ማሳሰቢያ። ኖቱ ረቂቁ በተሻሻለ ቁጥር ይታደሳል። ከላይ ጠርዙ ላይ «ፈርስት ሪደር» ካለ ገና ሲቀርብ የነበረው ነው። «ሰርድ ሪደር» ካለ አንዱ ቤት አሻሽሎት የወጣው ነው። «ኢንሮልድ» ካለ ሁለቱም የተስማሙበት። እኛ ጋ ማርች መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ስክሪንሾት ለጥፎ ቡድኑን አንጫጫው። ጠርዙን ሳየው «ፈርስት ሪደር» ይላል። ተወካዮቹ ያንን ከለወጡት ቆይተዋል! እንዲህ ነው ወሬ የሚወለደው፤ ሰነዱ እውነተኛ ነው፣ ጊዜው ግን አልፎበታል።

ኢሶል ይዘጋል የተባለውስ? ረቂቁ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር የለም። ስቴቱ ቢፈልግም እንዲህ በዋዛ አይዘጋውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 «ላው እና ኒኮልስ» በሚባለው ጉዳይ፣ እንግሊዝኛ የማያውቅን ልጅ ያለ ድጋፍ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ መተው መብቱን መንፈግ ነው ብሏል። ይሄ ማለት ግን የሚያሳስብ ነገር የለም ማለት አይደለም። ብሉፕሪንቱ ውስጥ ለእንግሊዝኛ ተማሪ የሚጨመረው ገንዘብ የሚሰላው ለእያንዳንዱ ተማሪ ከሚመደበው መሠረታዊ ገንዘብ ላይ በመቶኛ ነው። መሠረቱ ዝግ ብሎ ካደገ የኢሶሉም አብሮ ዝግ ይላል። ለችግረኛ ተማሪዎች የሚጨመረውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ «ኢሶል» የሚለውን ቃል ረቂቁ ውስጥ ፈልጎ ስላጣው ተመስገን ብሎ የዘጋ ሰው አልጨረሰም። መሠረታዊው ቁጥር ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ድረ ገጹ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። «የእኔ ልጅ ትምህርት ቤት ምን ይሆናል?» ለሚለው መልስ የለውም። ለትልልቅ የትምህርት ገንዘብ ረቂቆች ኖቱ በካውንቲ በካውንቲ የተዘረዘረ ሰንጠረዥ ሊኖረው ይችላል፤ ሃያ ሦስቱ ካውንቲዎችና ባልቲሞር ከተማ። የኛን ካውንቲ፣ ሞንትጎመሪ የሚለውን መስመር ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን ታሪኩ ወደ ካውንቲው መቀመጫ ወደ ሮክቪል ይዞራል።

ለምን ብትሉ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የትምህርት ቦርድ ራሱ ግብር መጣል አይችልም። ኤምሲፒኤስ፣ ማለትም የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች፣ ወደ 160,000 ተማሪ ያለው፣ በስቴቱ ትልቁ ዲስትሪክት ነው። እጁ ግን ወደ ሁለት ቦታ የተዘረጋ ነው፤ ወደ ስቴቱና ወደ ካውንቲው ካውንስል። ካውንቲው ደግሞ «ሜንቴናንስ ኦፍ ኤፈርት» በሚባለው ሕግ ለአንድ ተማሪ ካለፈው ዓመት ያነሰ መስጠት አይፈቀድለትም። ያ ወለሉ ነው። ከወለሉ በላይ ስንት ይጨምር የሚለው ግን በየዓመቱ ንትርክ ነው። ስቴቱ አንድ ነገር ሲያዘገይ ካውንስሉ ይሞላዋል፣ አለበለዚያ ቦርዱ ከሆነ ቦታ ይቆርጣል። የቱን እንደሚቆርጥ የምታውቁት ከአናፖሊስ አይደለም፣ ከቦርዱ የበጀት ሰነድ ነው። በነገራችን ላይ ኤምሲፒኤስ ለወላጆች የሚያወጣቸውን ብዙ ነገሮች በአማርኛም ያወጣል። ስልክ ደውላችሁ አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላላችሁ። አትፈሩ፣ መብታችሁ ነው።

ቪዲዮውን ሳልጠቅስ አልለፍ። የኮሚቴ ሂሪንጎች በቀጥታ ይተላለፋሉ፤ ካለፉም በኋላ ይቀመጣሉ። እኔ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ልብስ እያጠፍኩ ነበር የማየው። ሰዓታት የሚፈጅ ነው፤ ባለሥልጣኖቹ መጀመሪያ ይናገራሉ፣ ተራው ሰው ቆይቶ ነው የሚደርሰው፣ እሱም ሁለት ሦስት ደቂቃ። አንዷ አስተማሪ ስለ ኮላቦሬቲቭ ታይም ስትናገር ሰዓቱ አልቆባት ዓረፍተ ነገሯ መሀል ላይ ተቆረጠ። አሳዘነችኝ። በጽሑፍ ያስገባችው ግን ሙሉው እዚያው ገጽ ላይ ተለጥፏል፣ አነበብኩት። ማንም ያስገባው ጽሑፍ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስለዚህ እናንተም ስትጽፉ የልጃችሁን ስምና የቤት አድራሻ አታስገቡ።

ለመመስከር የሚፈልግ በዚያው በአካውንቱ ይመዘገባል። ምዝገባው ከሂሪንጉ ቀደም ብሎ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው። ቀን ሥራ ላይ ላለ፣ በተለይ ታክሲ ለሚነዳ ወይም ሆስፒታል ለሚሠራ ሰው ከባድ ነው። በጽሑፍ ማስገባቱም ያው በዚያ ሰዓት ነው። ሲመዘገቡ አቋም ይጠየቃሉ፦ እደግፋለሁ፣ እቃወማለሁ፣ ቢሻሻል እደግፋለሁ። ሦስተኛውን አትናቁት። የትምህርት ቦርዶችም ሲመጡ ደጋግመው የሚመርጡት እሱን ነው፤ በሩን ሳይዘጉ የሚፈልጉትን ይናገራሉ።

መጨረሻው ምን ሆነ? ገዢው ኮላቦሬቲቭ ታይም ለ4 ዓመት ይዘግይ ነበር ያሉት። ለኮሚዩኒቲ ስኩሎች የሚጨመረው ገንዘብም ባለበት ይቁም ብለው ነበር፤ ተወካዮቹ ይሄንን አልተቀበሉም። ሁለቱ ቤቶች ሲጎተቱ ቆይተው፣ አፕሪል ላይ ኮላቦሬቲቭ ታይሙ ለ3 ዓመት እንዲዘገይ ተስማሙ። በዚህም መሠረት በ2028-29 የትምህርት ዘመን ይጀመራል ማለት ነው። ገዢውም ፈረሙበት። የኔ ታናሽ ያኔ ሚድል ስኩል ትገባለች። ብሉፕሪንቱ አልቀረም፣ ኢሶልም አልተዘጋም፣ አስተማሪዎቹ ግን የተባለላቸውን ሰዓት ገና ይጠብቃሉ። ሰንብቶ «ምንም አልሆነም፣ ዝም ብላችሁ ነው» ያለን ሰው ነበር። ተሳስቷል። ከገዢው ረቂቅ ወደ መጨረሻው ሕግ የተለወጠው ነገር ሁሉ የተለወጠው ሰው ስለጮኸ ነው፤ የጮኸውም ዝርዝሩ ተለጥፏል።

ኮከቦቹን ልስጥ። ፊስካል ኖቱ አምስት፣ ቅር ሳይለኝ። ቪዲዮው አራት። የምስክር ምዝገባው ሦስት፣ ያውም ነፃ ስለሆነ። የረቂቁን ጽሑፍ ብያለሁ፣ ሁለት። በአማርኛ የሚገኝ ማጠቃለያ ቢኖረው ለሁሉም አንድ አንድ እጨምር ነበር፤ ሕጉ የሚነካቸው ልጆች ወላጆች ሁሉ እንግሊዝኛ አንባቢ አይደሉም።

ስብሰባው በየዓመቱ ጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይጀመራል። አካውንቱን ከዚያ በፊት ክፈቱ፤ ሂሪንጉ በደረሰበት ቀን የይለፍ ቃል አትፈልጉ። ሰንጠረዦቹን ደግሞ በስልክ አትሞክሩት። ሃያ አራት መስመር በአውራ ጣት እየገፉ ሞንትጎመሪን መፈለግ ዓይን ያጠፋል። ኮምፒውተር ከሌላችሁ የሰፈር ላይብረሪ ሂዱና እዚያ አትሙት።