ቴሌግራም ለማስተማሪያነት ምን ያህል ይሠራል? ለሐዋሳ መምህራን

ለክፍል ትምህርት ከሚሞከሩት ማኅበራዊ ሚዲያዎች መካከል ቴሌግራምን እናስቀድማለን። ቲክቶክና ፌስቡክ ተማሪውን ወደ ሌላ ቪዲዮ ይወስዱታል። ቴሌግራም ግን የላካችሁትን በላካችሁበት ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይልም ያለ ክፍያ ይቀበላል።

ችግሩ አብዛኛው መምህር ግሩፕ ከፍቶ መጀመሩ ነው። የ60 ተማሪ «እሺ ቲቸር» ኖቱን ወደ ላይ ገፍቶ ያጠፋዋል። የአባላቱ ዝርዝር ለሁሉም ስለሚታይ ሴት ተማሪዎች ከማያውቁት ሰው መልእክት ይደርሳቸዋል፤ ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ስለዚህ ፕራይቬት ቻናል ክፈቱ፤ በቻናሉ ሴቲንግ ውስጥ «ዲስከሽን» የሚለውን ነክታችሁ ግሩፕ አያይዙለት። በቻናሉ ላይ የምትጽፉት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ የተከታዮቹን ዝርዝር ከአድሚን በቀር ማንም አያይም፤ ዘግይቶ የገባ ተማሪም ትምህርቱን ከመጀመሪያው ያገኘዋል። ጥያቄዎች በየትምህርቱ ሥር በኮሜንት ይመጣሉ። ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር መግቢያው በአድሚን ፈቃድ ይሁን። በግሩፑ ላይ አንድ ሰው መልእክት በላይ በላዩ እንዳይልክ የሚያዘገየውን «ስሎው ሞድ» 1 ደቂቃ አድርጉ፤ የራሳችሁን ስልክ ቁጥርም በፕራይቬሲ ውስጥ «ኖባዲ» ላይ አኑሩት።

ከሁሉም የምንወደው ኩዊዙን ነው። «ፖል» ከፍታችሁ «ኩዊዝ ሞድ»ን ታበራላችሁ፤ ጥያቄውንና አማራጮቹን ጽፋችሁ ትክክለኛውን ምልክት ታደርጉበታላችሁ። ማብራሪያ መጻፊያው 200 ፊደል ይይዛል፤ ለአማርኛ ከበቂ በላይ ነው። ለጂኦግራፊ ይህን ሞክሩ፦ «ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ታዲያ ውኃው እንደ ሻላ ጨዋማ ያልሆነው ለምንድን ነው?» ብዙ ተማሪ የጥቁር ውኃ ወንዝ ስለሚገባበት ነው የሚለውን ሊመርጥ ይችላል። ማብራሪያው «ሻላም ወንዝ ይገባበታል፤ የሐዋሳ ውኃ ግን በከርሰ ምድር እየሰረገ ጨውን ይዞ ይወጣል» ሲል የተሳሳተው ተማሪ እዚያው ይማራል። ጥሩ ኩዊዝ እንዲህ ነው፤ የተሳሳተው አማራጭ ተማሪው በእውነት የሚያስበው መሆን አለበት። መቶኛውን አይታችሁ የነገውን ክፍለ ጊዜ ብዙዎች ከተሳሳቱበት ጀምሩ።

ሁለት ነገር ይበላሻል። በቻናል ላይ የተለቀቀ ኩዊዝ የመላሹን ስም አያሳይም፤ ማን እንደመለሰ ማወቅ ከፈለጋችሁ «አኖኒመስ ቮቲንግ»ን አጥፍታችሁ በተያያዘው ግሩፕ ላይ ልቀቁት። አንዴ የተላከ ኩዊዝ ደግሞ አይታረምም፤ መልሱን ተሳስታችሁ ምልክት ካደረጋችሁ አጥፍቶ እንደገና መላክ ብቻ ነው። ለማርክ ግን አትጠቀሙበት፤ መልስ በኢንቦክስ ይሻገራል።

የዳታ ነገር ለቤተሰብ ወጪ ነው። የሰሌዳ ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ቀጭን ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ጥራቱ አይቀንስም፣ ግን ብዙ ሜጋባይት ይበላል። ለጽሑፍ ፒዲኤፍ፣ ለማብራሪያ ከቪዲዮ ይልቅ አጭር የድምፅ መልእክት ይሻላል። ተማሪዎቹም «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ገብተው በሞባይል ዳታ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ያጥፉ።

ስልክ የሌለው ተማሪ በየክፍሉ አለ። ኩዊዙ በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ይጻፍለት፤ ኖቱም ታትሞ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥለት። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አይከፈትም ነበር፤ ትምህርቱን ሁሉ እዚያ ብቻ ያስቀመጠ መምህር ያኔ ተቸግሯል። በኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም የቻናሉን ይዘት «ኤክስፖርት» ያደርጋል፤ በየወሩ አውጥታችሁ በፍላሽ ያዙት።